የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሁለት ቀን በሮም፣ ከአያት አደራ ጋር

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በነፃ የትምህርት ዕድል የምከታተል ተማሪ ነኝ። ከመጣሁ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ከማደሪያዬ፣ ከመማሪያ ክፍሌና ከቤተ መጻሕፍት በቀር ያየሁት የለም ብል አላጋነንኩም። በዚህ ወር መጨረሻ ከሞሮኮ፣ ከኮሎምቢያና ከቱርክ የመጡ የክፍል ጓደኞቼ ቅዳሜና እሑድን በሮም ለማሳለፍ አቅደው እኔንም ጋብዘውኛል። በሁለቱ ቀናት ሊያዩዋቸው ያሰቧቸውን 16 ቦታዎችም በዝርዝር ጽፈው ሰጥተውኛል።

ደብረ ብርሃን የሚኖሩት አያቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ወደ ጣሊያን ስመጣ መርቀው ሲያሰናብቱኝ አንድ አደራ ሰጥተውኛል። «ሮም ከደረስሽ አበበ የሮጠበትን መንገድ በእግርሽ ሂጂበት፤ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውንም ቦታ አይተሽ ንገሪኝ» ነው ያሉኝ። ይህን ለጓደኞቼ ብነግራቸው፣ ሐውልቱ ከተመለሰ ወዲያ በቦታው የሚታይ ነገር ስለሌለ ለዚያ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም አሉኝ። ከዚህም ሌላ ከወር አበሌ ያጠራቀምኩት 180 ዩሮ ብቻ ነው፤ ቤተሰቤ በኑሮ ውድነት ተጨንቆ እኔ ለሽርሽር ገንዘብ ማውጣቴ ሕሊናዬን እየወቀሰው ነው። የመኖሪያ ፈቃዴም ገና አልደረሰም፤ በእጄ ያለው ያመለከትኩበት የፖስታ ቤት ደረሰኝ ብቻ ነው። ለመሆኑ መሄድ ይገባኛል? ብሄድስ ከጓደኞቼ ዝርዝርና ከአያቴ አደራ የቱን ላስቀድም?

ተማሪዋ፣ ከቦሎኛ

መልስ

ውድ እህታችን፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ብዬ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ሂጂ፤ የአያትሽንም አደራ አስቀድሚ። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ግን ሊያሳስብሽ የሚችለውን የወረቀቱን ጉዳይ ላንሣ።

ጣሊያኖች ሪቼቩታ የሚሉትን የማመልከቻ ደረሰኝ ከፓስፖርትሽ ጋር እስከያዝሽ ድረስ በአገሪቱ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ብትሄጂ የሚከለክልሽ የለም። የመግቢያ ቪዛሽ ጊዜ ካለፈ በኋላ ደረሰኙን ብቻ ይዘሽ ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ኦስትሪያ መሻገር ግን አይገባሽም፤ ደረሰኙ የሚያገለግለው በጣሊያን ምድር ነውና። የምታድሪበት ቤት ዋናውን ፓስፖርት ቢጠይቅሽ ተጠርጥሬ ነው ብለሽ እንዳትሳቀቂ። ማንኛውም ማረፊያ የእንግዶቹን ማንነት ለፖሊስ የማስታወቅ ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል፤ ጣሊያናዊውም እንግዳ ቢሆን መታወቂያውን ያስመዘግባል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ይህን ልበልሽ። ከቦሎኛ ሮም ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል፤ ትኬቱ ቀደም ብለሽ ስትቆርጪው ይረክሳል፣ በመጨረሻው ቀን ሲሆን ዋጋው በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። አውቶቡሱ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ኪስ አይጎዳም፤ የሚያወርድሽም ቲቡርቲና በተባለው ጣቢያ ነው። ለማደሪያ በመነኮሳይያት የሚተዳደሩትን የእንግዳ ማረፊያዎች ጠይቂ፤ ንጹሕና ጸጥ ያሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሌሊት በር ስለሚዘጉ የመግቢያ ሰዓታቸውን አስቀድመሽ እወቂ። ከአልጋው ዋጋ በተጨማሪ በየሌሊቱ የሚከፈል የከተማ ግብር መኖሩንም አትርሺ። ለውኃ አንድም ሳንቲም አታውጪ። ሮማውያን «ናዞኒ» የሚሏቸው፣ ቧንቧቸው እንደ አፍንጫ የጎበጠ የብረት ምንጮች እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ በየመንገዱ ሌት ተቀን ይፈስሳሉ። የቧንቧውን አፍ ከታች በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ካለችው ቀዳዳ ውኃው ወደ አፍሽ ይዘላል፤ ልብስሽን ሳታርሺ ቀዝቃዛና ጥሩ ውኃ ትጠጫለሽ።

ሕሊናዬ ይወቅሰኛል ያልሽውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ከመጽሐፍ ሳትለዪ ከአበልሽ ላይ ቆጥበሽ ያስቀመጥሽው ገንዘብ ከማንም አፍ የተነጠቀ አይደለም። አያትሽ መምህር ናቸው፤ እንዲህ ያለውን አደራ የሰጡሽም በዩኒቨርሲቲው የማይሰጥ አንድ ተጨማሪ ትምህርት እንድትማሪ አስበው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንሂድ። 16 ቦታ በሁለት ቀን ማየት አይቻልም፤ በ16 ቦታ በር ላይ ፎቶ መነሣት ይቻላል። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በፔሩጃ ተማሪ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮም የሄድኩት በአንድ ቀን ነበር። ከጣቢያው ወጥቼ እስከ ማታ ስሮጥ ውዬ ስመለስ፣ በባቡሩ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ያየሁትን ለማስታወስ ብሞክር አንዱ ከሌላው ተደባልቆብኝ አንድም ጥርት ያለ ነገር አላገኘሁም። ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ግን ከባቡሩ በወረድኩባት ቅጽበት የአገሬ ታሪክ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳላውቀው ማለፌ ነው። አንቺም በባቡር ከሄድሽ የምትወርጂው እዚያው ነውና ከዚያ ልጀምርልሽ።

ከቴርሚኒ ጣቢያ ስትወጪ አውቶቡሶች የሚሰበሰቡበት ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። አደባባዩን አቋርጠሽ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ወደሚባለው ፍርስራሽ ስትሄጂ፣ በዛፎች መካከል ቀጭን የግብፅ ሐውልት ታያለሽ። የፈርዖን ራምሴስ ዳግማዊ ሐውልት ሲሆን፣ እዚያው ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1883 ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቶ ከአራት ዓመት በኋላ የዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ ተደርጓል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተጋዘውን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት ከዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርአይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. አንበሳውን አይቶ የተንበረከከውና ጎራዴውን የመዘዘው እዚህ ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በዚያው በጣሊያን ምድር እንደተያዘ አረፈ። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ በለገሃር ቆሟል፤ አንቺም ስንት ጊዜ በታክሲ አልፈሽበት ይሆናል። ዓርብ ማታ ከደረስሽ ሻንጣሽን ይዘሽም ቢሆን አሥር ደቂቃ እዚያ ቁሚ። በጣቢያው አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ እራትሽንም እንጀራ ማድረግ ትችያለሽ። እሑድ ማስቀደስ የምትፈልጊ ከሆነ የቅዳሴውን ቦታና ሰዓት እዚያው ብትጠይቂ የሚነግርሽ አታጪም።

ቅዳሜን ለጓደኞችሽ ስጪ፤ ግን ጠዋቱን ቅዱስ ጴጥሮስ ላይ ጀምሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል። በማለዳ የደረሰ ብዙም ሳይሰለፍ ይገባል፤ ከረፋድ በኋላ የመጣ ግን ፀሐይ ላይ ሲቆም ይውላል። መግቢያው በነፃ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ። ስትገቢ በስተቀኝ የሚካኤል አንጄሎን «ፒዬታ»፣ እመቤታችን የልጇን ሥጋ ታቅፋ የተቀመጠችበትን እብነ በረድ፣ ሰው ሳይበዛ ልታዪው ትችያለሽ። ከዚያ ወደ ጉልላቱ ውጪ፤ 551 ደረጃ አለው፤ መጨረሻው አካባቢ ግድግዳው ራሱ ስለሚያዘነብል ሰውነትን አዘንብሎ መውጣት ግድ ይላል።

ከላይ ሆነሽ ከኋላ በኩል ወዳለው የቫቲካን የአትክልት ስፍራ ተመልከቺ። በዛፎቹ መካከል የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ፤ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ የካህናት ማሠልጠኛ ነው። ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደግሞ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በቫቲካን ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ሳይፈርስ የቆየ ጥንታዊው እርሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1479 ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡት። በቅጥሩ ውስጥ ስለሆነ እንደ ፈለጉ መግባት አይቻልም። የሆነ ሆኖ በዚህ በኩል ስታልፊ ልታስቢው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ነው፤ ያሳተመው ጀርመናዊ ፊደላችንን የተማረው ከእነዚሁ መነኮሳት ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከደብረ ሊባኖስ መጥተው በዚሁ ገዳም ተቀምጠው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ዛሬ ይህን መጽሔት የምታነቢበት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በብረት ተቀርጾ ቀለም የተቀባው በዚያች ከተማ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን በተማሪነቴ አለማወቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የቫቲካንን ሙዚየም ግን በዚህ ጉዞ ተዪው። ግማሽ ቀን ይበላል፤ እሑድም ዝግ ነው፤ የሚከፈተው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ሲሆን፣ ያን ዕለት መግቢያው ነፃ በመሆኑ ሰልፉ ቅጥሩን ይዞራል። ኮሎሴውምንም ከውጭ ማየት ይበቃሻል። ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች በ2 ዩሮ ይገባሉ ሲባል ሰምተሽ ከሆነ፣ ቅናሹ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችን የሚመለከት ስለሆነ የተማሪ መታወቂያሽን አይተው ያስገቡኛል ብለሽ በጀትሽን እንዳታቃውሺ። ከሰዓት በኋላ ፓንቴዎንን፣ ናቮና አደባባይንና የትሬቪን ምንጭ በእግር ማዳረስ ይቻላል፤ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። በመካከሉ የፈረንሳዮች ቅዱስ ሉዊስ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሳላቸውን ሦስት ሥዕሎች እዪ፤ ክፍያ የለውም። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ቀትር ላይ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት እንደሚዘጉ አስቢ።

እሑድ የአያትሽ ቀን ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ቀን ነው።

አበበ ቢቂላ በሮም የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። አያትሽ ቀኑን ያልረሱት በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሮም ሙቀት ስለሚከብድ ውድድሩ የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ሲሆን፣ ሯጮቹ ከከተማው ወጥተው የተመለሱት ከክርስቶስ ልደት 312 ዓመት በፊት በተጀመረው በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ነበር። በዚያ ሲደርሱ መሽቷል፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመው ያበሩላቸው ነበር። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ነበር። ከጎኑ የቀረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነው። ሞሮኳዊት ወይም ሞሮኳዊ የክፍል ጓደኛ እንዳለሽ ጽፈሻልና፣ ይህን ስትነግሪያቸው መንገዱ የእነርሱም መሆኑን ያውቃሉ፤ ሁለቱ አፍሪካውያን በዚያ ጨለማ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጠዋል።

እንዲህ አድርጊ። ከቀትር በኋላ ከኮሎሴውም አካባቢ የሚነሣውን 118 ቁጥር አውቶቡስ ይዘሽ ወደ አፒያ መንገድ ውጪ። ትኬትሽን እንደገባሽ በመሣሪያው ምቺ፤ ትኬት ገዝቶ ሳይመቱ መቀመጥ እንደ አለመግዛት ተቆጥሮ ያስቀጣል፤ እኔ በተማሪነቴ የግማሽ ወር ምግቤን የከፈልኩት በዚህ ነው። ከቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር አካባቢ ውረጂና ፊትሽን ወደ ከተማው መልሰሽ መራመድ ጀምሪ። በዚያ አካባቢ የጥንቱ ድንጋይ እንደተነጠፈ አለ፤ ጥቁር፣ ሰፋፊ፣ ጠርዙ በሠረገላ ጎማ የተቦረቦረ ነው። እኔ በመስከረም አንድ ምሽት ጎንበስ ብዬ መዳፌን አሳርፌበት ነበር፤ ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆይታለች፣ ድንጋዩ ግን ገና ሞቃት ነበር። የአበበ እግር የነካው ይህንን ሙቀት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስለ እርሱ ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ያ ቅጽበት አቀረበልኝ።

ወደ ከተማው በር ስትቃረቢ መንገዱ ይጠባል፤ የእግረኛ መተላለፊያ የሌለው ቦታ ስላለ ከመኪና ተጠንቀቂ። ከቅዱስ ሰባስትያኖስ በር ከገባሽ በኋላ ግንቡን ይዘሽ፣ የካራካላን መታጠቢያ አልፈሽ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄጂ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሻለሽ። ትልቁ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲታነጽ የታሰበው ግን ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልታችንን ያቆሙት ከሕንፃው ፊት ለፊት ነው። 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለውን ድንጋይ በቁራጭ በቁራጭ ከአክሱም ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ በመርከብ ወደ ኔፕልስ አጓጉዘው፣ ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበትን 15ኛ ዓመት ለማክበር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1937 ተከሉት። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገብታ ነበር። የተመለሰው ግን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በአክሱም ቆሞ ተመረቀ።

እኔ ሮም ውስጥ ቆሞ አይቼዋለሁ። የመኪና ጭስ አጠቁሮታል፤ ዙሪያውን መኪና ይከበዋል። በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት የአገራችን እናት በሣሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሰው ቤት የሚሠሩ ነበሩ፤ በሮም የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ስለሆነ፣ በየሐሙሱ እዚያ እየመጡ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። «እርሱም እንደኔ ተሰዶ ነው፤ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው» አሉኝ። የማይረሳኝ ንግግር ነው። ስለዚህ ጓደኞችሽ በቦታው የሚታይ ነገር የለም ሲሉሽ ሐውልቱ እንደሌለ መናገራቸው ከሆነ ልክ ናቸው፤ ዛሬ እዚያ የምታገኚው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በኒውዮርክ የመስከረም 11 ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶችን ነው። እኔ ግን የተሰረቀ ነገር የተመለሰበትን ባዶ ቦታ ማየት በራሱ ረጅም መንገድ የሚያስኬድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አበበ ከራዲ ተለይቶ የወጣው እዚህ ሲደርስ ነው። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው ባጠኑ ጊዜ ሐውልቱን ምልክት አድርገው ነበር። ከዚህ የሚቀረው 500 ሜትር ያህል ነው። የቅዱስ ጎርጎርዮስ መንገድ ይባላል፤ ቀጥ ያለ ነው፤ በግንቡ ላይ ድሉ 50 ዓመት ሲሞላው የተለጠፈ መታሰቢያ ስላለ ዓይንሽን ጣል እያደረግሽ ሂጂ። መጨረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ራዲ በ25 ሰከንድ ተከትሎ ገባ፤ ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ።

ቅስቱ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ315 ነው። የአክሱም ሐውልቶች የቆሙትም በዚያው በአራተኛው መቶ ዘመን ነው። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የጻፈው ደብዳቤ ቃሉ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። እንግዲህ ከሐውልቱ ቦታ እስከ ቅስቱ ያለችው ያች አጭር መንገድ በአንድ ዘመን ይጻጻፉ የነበሩ ሁለት መንግሥታትን ታገናኛለች፤ አበበም ሲሮጥ የሄደው ከአንዱ ወደ ሌላው ነው። ሲመሽ እዚያ ድረሺ። መብራት ሲበራ ቅስቱ ያምራል፤ ባቡርሽም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከሆነ ከኮሎሴውም ቴርሚኒ በምድር ውስጥ ባቡር ሁለት ፌርማታ ብቻ ስለሆነ አትቸኩዪም።

በመጨረሻ አንዲት ቃል ልጨምር። ጣሊያኖች ነገር ሲደበላለቅባቸውና ግርግር ሲሆን «አምባራዳን» ይላሉ፤ በክፍልሽም ሳትሰሚው አትቀሪም። የመጣው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከተካሄደበት ከአምባ አራዶም ስም ነው፤ ከላተራኖ ቤተ ክርስቲያን አጠገብም በዚሁ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። ቃሉን የሚናገሩት ሰዎች አብዛኞቹ ምንጩን አያውቁም። በቅን ልብ ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል።

ጥያቄ (ከዚያችው ተማሪ)

መልስዎን ጊዜው ስለደረሰ አስቀድመው ስለላኩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄጄ ተመለስኩ። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ዞርኩ፤ እሑድ ብቻዬን ልሄድ ተነሥቼ ሳለ ሞሮኳዊቷ ጓደኛዬ «የራዲን መንገድ እኔም ልየው» ብላ ተከተለችኝ። ከአፒያ መንገድ ስንነሣ ጫማችንን አውልቀን ጥቂት እርምጃ ሞከርን፤ ድንጋዩ ቀዝቃዛና ሻካራ ስለነበር ሃያ እርምጃ እንኳ ሳንሄድ መልሰን አጠለቅን። ከሐውልቱ ቦታ እስከ ቅስቱ ግን ሳንነጋገር ጎን ለጎን ተራመድን። ቅስቱ ሥር ሆኜ ለአያቴ ደወልኩላቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መንገዱ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ?» የሚል ነበር። ለስለስ ያለ ዳገት ነው አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እዚያ ላይ ነው ጥሎት የሄደው» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠብኝ። አሁን ሐውልቱ ሮም ቆሞ ሳለ የተነሣ ፎቶግራፍ እንድልክላቸው ይፈልጋሉ፤ በስልክ የሚታይ ሳይሆን በእጅ የሚያዝ። ከየት ላገኝ እችላለሁ?

መልስ

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ ለጓደኛሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው የሉቼ ተቋም የዚያን ዘመን ፎቶግራፎችና የዜና ፊልሞች በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ በጣሊያንኛ «ስቴሌ ዲ አክሱም» ወይም «ኦቤሊስኮ ዲ አክሱም» ብለሽ ፈልጊ። ሐውልቱ ሲተከል የተነሡትን ስታዪ የተነሡበትን ዓላማ አስቢ፤ የፋሺስቱ መንግሥት ድሉን ለማሳየት ያስነሣቸው ናቸው። ለአያትሽ የሚሆነው ከጦርነቱ በኋላ የተነሣ ቢሆን እመርጣለሁ፤ አበበ ያየው ሐውልት እርሱ ነውና።

በእጅ የሚያዘውን ደግሞ እዚያው ቦሎኛ ታገኚዋለሽ። በአብዛኞቹ ወራት በሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ በቅዱስ እስጢፋኖስ አደባባይ የአሮጌ ዕቃዎች ገበያ ይቆማል፤ አሮጌ ፖስት ካርድ በሣጥን ደርድረው የሚሸጡ አሉ። ካርዶቹ በየከተማው ስም ስለሚለዩ የሮምን ክፍል ጠይቂና «ፖርታ ካፔና» የሚለውን እያገላበጥሽ እዪ፤ ከሐውልቱ በስተጀርባ ትልቁ ነጭ ሕንፃ ይታያል። ስታገኚው በሁለት ወፍራም ወረቀት መካከል አድርገሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪው። በአገራችን ፖስታ የሚደርሰው በሣጥን ቁጥር ስለሆነ፣ አያትሽ የራሳቸው ሣጥን ከሌላቸው ያስተምሩበት የነበረውን ትምህርት ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር አስቀድመሽ ጠይቂያቸው።